ስሙ የተፋቀ ፊልም

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት አንድ መልካም ቅኔ ሲነገር ሰሚው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ምን አለ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ማን አለው የሚለው ነው። ቅኔው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር የባለቤቱ ስም አብሮት ይሻገራል፤ የተነገረበት በዓል፣ የተነገረበት ደብር፣ ቅኔውን ያስነሣው ነገር ሳይቀር አብሮ ይተረካል። መምህሩም በተራው ከማን እንደ ተማረ ይጠየቃል፤ የመምህሩንም መምህር ይቆጥራል። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ መንገዶች ስማቸው እስከ ዛሬ ያልጠፋው ሊቃውንቱ ጥበቡን ከነምንጩ የማስተላለፍ ልማድ ስለ ነበራቸው ነው። በቃል ብቻ ባለቤቱን ይዞ የኖረ ባህል፣ ዛሬ በረቀቀ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲቀረጽ ባለቤቱን የሚጥል ከሆነ፣ ጉድለቱ የሚቆጠረው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በያዡ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይበጃል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምን ይሁን በደብረ ኤልያስ፣ በቢቸና ይሁን በደጀን፣ አንድ ሽማግሌ በሠርግ ቤት ቆመው ቀረርቶ አሰሙ እንበል። አንድ ወጣት መምህር በስልኩ ቀረጸው። ቀረጻው ለአንድ የባህል ጽሕፈት ቤት ተላከ፤ እዚያም መጠኑ እንዲያንስ ተብሎ ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል ተለወጠ፤ ለበዓል ዝግጅት ተቆርጦ ከሌሎች ጋር ተቀጠለ፤ ተገልብጦም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ወይም አንድ ተውኔት ጸሐፊ ያንን ፋይል ሲከፍት የሚያገኘው ምንድን ነው? ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ የሚያምር ድምፅ፣ በርእሱ ቦታም «የመጨረሻ አዲስ 2» የሚል ጽሑፍ። ሽማግሌው ማን ናቸው? ቀረርቶውን ራሳቸው ገጠሙት ወይስ ከአባታቸው ተቀበሉት? በግጥሙ የተጠሩት ጀግኖች በየትኛው ዘመን የዘመቱ ናቸው? መልስ የለም። ሽማግሌውም በዚያን ጊዜ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ። ሥራው አለ፤ ባለሥራው ጠፋ።

ይህ ጥፋት ሲደርስ ምስሉ አንዳች አልተበላሸም። ማንኛውም የቪዲዮ ፋይል በውስጡ ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ዓይን የሚያየው ምስልና ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ምስሉና ስለ ድምፁ የሚናገር አነስተኛ መዝገብ ነው። ካሜራው ወይም ስልኩ የተቀረጸበትን ቀንና ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም የመሣሪያውን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በዚህ መዝገብ ይጽፋል፤ ሰውም ርእስ፣ የባለቤት ስምና ማብራሪያ ሊጨምርበት ይችላል። የሞያው ሰዎች ይህን መዝገብ ሜታዳታ ይሉታል። ስሙ ለጆሮ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም።

የብራና መጽሐፍ የጻፈ ቁም ጸሐፊ ሥራውን ሲፈጽም ብዙ ጊዜ የራሱን ስም፣ ያጻፈውን ሰው ስም፣ የተጻፈበትን ዘመንና በዚያ ዘመን የነገሠውን ንጉሥ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያሰፍር ነበር። መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይጽፍበት ነበር። ግዝቱ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። መጽሐፍ ሲሸጥ ወይም ሲዘረፍ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በስለት ፍቆ የራሱን ሲያጽፍበት ኖሯል፤ የተፋቀውም ቦታ በብዙ ብራናዎች ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። አባቶች ግን በአንድ ቅጠል ላይ ብቻ ታምነው አልቀሩም። የደብሩ ርስት፣ ጉልትና ንዋየ ቅድሳት በወንጌል ዘወርቅ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይመዘገብ ነበር፤ ይህም ንብረቱ ቢሰወር እንኳ መዝገቡ በሌላ ቦታ እንዲመሰክር ነው። እንግዲህ የዛሬው ባለካሜራ የሚጠየቀው ቁም ጸሐፊው ይሠራው የነበረውን ያህል ነው፤ ከዚያ የበለጠ የጠየቀው የለም።

የቪዲዮ መዝገብ የሚፋቅባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ፋይል ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ሲለወጥ አዲሱ ዓይነት የማያውቀው መስክ ተንጠባጥቦ ይቀራል። እጅግ የታወቀው መለወጫ ኤፍኤፍኤምፔግ እንኳ በግልጽ ካልታዘዘ በቀር ፋይሉ የተፈጠረበትን ሰዓት ወደ አዲሱ ቅጂ አያሻግርም። በዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከ ቀረጻ እንደ ገና ተጨምቆ ስለሚሄድ አብዛኛው መግለጫ በመንገድ ይቀራል፤ በቴሌግራምም እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቃል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። የቀድሞ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ደግሞ በካሴቱ ጀርባ በእጅ የተጻፈው ስምና ቀን አብሮ ካልተገለበጠ፣ ፋይሉ ሲወለድ ጀምሮ ወላጅ አልባ ነው።

ከመጥፋት የከፋው ግን መሳሳት ነው። ኤምፒ4 እና ኩዊክታይም የሚባሉት የፋይል ዓይነቶች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904፣ ይኸውም ከታኅሣሥ 22 ቀን 1896 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፈው ሰከንድ ነው። ይህ ቁጥር ተፍቆ ዜሮ ሲሆን አንዳንድ ማሳያ ፕሮግራሞች ያንኑ መነሻ ቀን የቀረጻ ቀን አድርገው ያቀርቡታል። ትናንት በሠርግ ቤት የተቀረጸው ቀረርቶ ዐፄ ምኒልክ በዙፋን ሳሉ የተቀረጸ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው! ይህ የሚያስቅ ስሕተት ስለ ሆነ ተመልካች ይነቃበታል። የማያስቀው ስሕተት የበለጠ ይጎዳል። የእነዚህ ፋይሎች ሰዓት በደንቡ መሠረት የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ እርሱም ከኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። በመሆኑም በሚያዝያ 30 የቅዱስ ማርቆስ በዓል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተቀረጸ ማኅሌት በመዝገቡ ውስጥ የሚገኘው ሚያዝያ 29 ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ ደንቡን ትተው የአገሩን ሰዓት ይጽፋሉ። ይህን ያላወቀ አጥኚ የበዓሉን ማኅሌት ለዋዜማው ይሰጠዋል፤ ከእርሱ የሚቀዳውም ሁሉ እንደዚያው ይስታል።

በዚህ ላይ «ሥራው ራሱ ይናገራል፤ ጥበብ ማስረጃ አያሻውም» የሚሉ አሉ። አባባሉ ለጆሮ ያምራል፤ ሲመረመር ግን በባለጥበቡ ላይ የተፈጸመ በደል ሆኖ ይገኛል። ታዋቂው ድምፃዊ ሥራው ያለ ስሙ ቢወጣ ሕዝብ በድምፁ ይለየዋል፤ መብቱንም ይከራከራል። በገበያ ዳር ማሲንቆ የሚመታው አዝማሪ፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው እናት፣ በአውድማ ላይ የሚያዜመው ገበሬ ግን ከመዝገቡ በቀር የሚመሰክርላቸው የለም። የእነርሱ ዜማ ከስሙ ሲለይ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎ ለቀደመ ሁሉ ይሰጣል፤ ሌላው አሳምሮ በስሙ ያወጣዋል። ሥራው ራሱ ይናገራል የሚለው ፈሊጥ ለታዋቂው ምንም አያጎድልበትም፤ ያልታወቀውን ግን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

መድኃኒቱ በእጅ ያለ ነው። በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠሩ፣ ዋጋ የማይከፈልባቸው ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው፤ ሁለተኛው ፊል ሃርቪ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያበረከተው ኤግዚፍቱል ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች መከናወን ያለበት ሥራ ሦስት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው ደረጃ ማውጣት ነው። ፋይሉ ከካሜራው በወጣበት ዕለት፣ ማንም ሳይቆርጠውና ሳይለውጠው፣ መዝገቡ ተነቦ በተለየ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። ኤግዚፍቱል በአንድ ትእዛዝ የአንድ አቃፊ ቪዲዮዎችን በሙሉ አንብቦ መግለጫቸውን በሠንጠረዥ ያሰፍራል፤ ወይም ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱን አጃቢ ፋይል ይጽፍለታል። ኤፍኤፍኤምፔግም መዝገቡን በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ሊነበብና ሊታረም በሚችል መልክ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ደረጃ ማሟላት ነው። ካሜራ ሰዓት ያውቃል፤ ሰው አያውቅም። የባለጥበቡን ስም፣ የገጣሚውን ስም፣ የቀረጸውን ሰው ስም፣ ቦታውን እስከ ቀበሌው፣ ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር፣ ዝግጅቱ ምን እንደ ነበረ፣ ባለጥበቡ ለምን አገልግሎት እንደ ፈቀደ መጻፍ የሰው ሥራ ነው። ለዚህም አዲስ ቅጽ ለመፈልሰፍ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በደብሊን ከተማ በተደረገ ስብሰባ መነሻነት የተዘጋጀውና ደብሊን ኮር የሚባለው የመግለጫ ሥርዓት 15 መስኮች አሉት፤ ለጅምር ይበቃሉ። በአማርኛ ለመጻፍም የሚያግድ ነገር የለም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ እነዚህ መሣሪያዎች ፊደላችንን ይቀበላሉ።

ሦስተኛው ደረጃ መመለስ ነው። ፊልሙ ከተቆረጠ ወይም ከተለወጠ በኋላ ኤግዚፍቱል ከዋናው ፋይል ወይም ከአጃቢው ጽሑፍ እያነበበ መግለጫውን ወደ አዲሱ ቅጂ ይጽፋል፤ ሲጽፍም፣ ካልተከለከለ በቀር፣ የነበረውን ፋይል በሌላ ስም ለይቶ ያቆያል። ኤፍኤፍኤምፔግም ምስሉንና ድምፁን እንደ ገና ሳይጨምቅ ባለበት እየቀዳ መዝገቡን ብቻ ሊተክል ይችላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ኤግዚፍቱል ኤምፒ4 እና ኩዊክታይምን ያነባልም ይጽፋልም፤ ኤቪአይ እና ማትሮስካ የሚባሉትን ግን ከማንበብ አልፎ አይጽፍባቸውም። ለማትሮስካ ኤምኬቪፕሮፕኤዲት የተባለ መሣሪያ አለ፤ ለኤቪአይ አጃቢውን ጽሑፍ ከፊልሙ ጋር ማኖር ይሻላል። እንዲሁም የቆይታው ርዝመትና የምስሉ ስፋት ከራሱ ከምስሉ የሚመነጩ ስለ ሆኑ ከቀድሞው መዝገብ ተመልሰው የሚተከሉ አይደሉም።

አጃቢው ጽሑፍ የየትኛው ፊልም እንደ ሆነ የሚለይበትም ዘዴ አለ። ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ የማረጋገጫ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይጻፋል። የፋይሉ መዝገብ ሲታረም የመላው ፋይል ቁጥር ስለሚለወጥ፣ በኤፍኤፍኤምፔግ የምስሉንና የድምፁን ቁጥር ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል፤ ይህ ቁጥር ርእስ ቢጨመር፣ ስም ቢታረም አይናወጥም። ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ስሙ ቢለወጥ እንኳ በዚህ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይገናኛል።

«ይህማ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሥራ ነው፤ የባህል ሰው ከጥቁር መስኮት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሌላ ድምፅ ይሰማል። ይህ ሰበብ በጎጃም ምድር ሲነገር ያሳፍራል። የግእዝን ግስ በቃሉ የያዘ፣ ዳዊት የደገመ፣ ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር የቅኔን ሕግ ሳያዛንፍ የሚዘርፍ ተማሪ ያፈራ አገር፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚያልቁ ጥቂት ትእዛዞችን መማር ያቅተዋል ማለት ነውን? በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ በመዳፊት ጠቅ ከሚደረገው የሚበልጥበት ምክንያት አለው። ተጽፎ ይቀመጣል፤ ስሕተቱ ይታረማል፤ ከአንድ ሠራተኛ ወደ ሌላ ይወረሳል፤ ለአንድ ፊልም የተሰጠው ትእዛዝ ለ1000 ፊልም ይሠራል። በመዳፊት የተሠራው ሥራ ግን ሠራተኛው ሲዛወር አብሮት ይዛወራል።

«ገንዘብ የለንም» የሚለውም አያስኬድም። መሣሪያዎቹ በነፃ የሚገኙ ናቸው። አንዴ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የተከማቸ ሥራ ከባለቤቱ ተቆርጦ ነበር፤ በእጅ ያለ መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያገኘውም። ሚዛኑንም መመልከት ነው። አንድ ፊልም ብዙ ጊጋባይት ሲይዝ የጽሑፍ መዝገቡ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ፊልሙን በሦስት ቦታ ለማኖር አቅም ያጣ ተቋም መዝገቡን በዐሥር ቦታ ሊያኖር ይችላል። ከዚህም በላይ መዝገቡ በወረቀት ይታተማል፤ ተጠርዞ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ዲስኩ ቢቃጠል ፊልሙ ይጠፋል፤ ማን፣ መቼ፣ የት ምን እንዳለ ግን ይቀራል፤ ሌላ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ሲገኝም የሚለይበት ምልክት አለ።

ከሁሉም ክርክር ክብደት ያለው የጥንቃቄ ክርክር ነው። ስምና ቦታ መጻፍ ሰውን ለአደጋ ሊያጋልጥ፣ ጥንታዊ ብራና ያለበትን ዕቃ ቤት ለሌባ ሊጠቁም ይችላል የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ሆኖም ይህ ምክንያት መዝገብ ማውጣትን የሚደግፍ እንጂ የሚቃወም አይደለም። ሙሉው መዝገብ ቀድሞ ወጥቶ በታመነ እጅ ከተቀመጠ፣ ለአደባባይ የሚወጣው ቅጂ የቦታው ቁጥርና መሸሸግ ያለበት ስም ተነቅሎለት ያለ ሥጋት ሊሠራጭ ይችላል። ምትክ ሳይዝ የሚፍቅ ሰው ምስጢር ጠባቂ ሊባል አይችልም፤ አጥፊ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ጥበብ ወሰን አለው። ከመጀመሪያው ያልተጻፈውን ማንኛውም ትእዛዝ ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ባለጥበቡ በሕይወት ሳለ፣ ካሜራው ገና ሳይታጠፍ ነው። ቀራጩ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ባለጥበቡን ስማቸውን፣ አገራቸውንና ዕለቱን በራሳቸው አንደበት ቢያናግራቸው፣ መግለጫው ከድምፁ ጋር ተዋሕዶ ይቀመጣል፤ ድምፁ ሳይጠፋ መግለጫው አይጠፋም።

ምሳሌ የሚሆን ሥራ በአገራችን ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ9000 በላይ መጻሕፍትን ሲያነሣ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጥቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸውም በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ተቀምጠው ይዘቱን፣ ጸሐፊውን፣ ባለቤቱን፣ በኅዳጉ የተጻፈውን ሳይቀር እየለዩ በካታሎግ አስፍረዋል። ያ ሁሉ ፊልም ካታሎግ ባይኖረው ኖሮ የተጠቀለለ ጥቁር ክር ብቻ በሆነ ነበር። በአንጻሩ የደብረ ኤልያሱን ባለቅኔና ተውኔት ጸሐፊ ዮፍታሔ ንጉሤን ማሰብ ይገባል። ከተውኔቶቹ መካከል ርእሳቸው እንጂ ሙሉ ጽሑፋቸው ያልተገኘ አሉ። ሥራው ጠፍቶ ስሙ በመቅረቱ ግን ቢያንስ ምን እንደ ጠፋ ይታወቃል፤ የሚፈልግም የሚፈልገውን ያውቃል። በዛሬው ቪዲዮ ላይ የሚደርሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሥራው በሺህ ቅጂ ተባዝቶ ሳለ ምን እንደ ጠፋ እንኳ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ኃላፊነቱ በየድርሻው መከፈል አለበት። የባህል ሥራ ኃላፊ፣ ስንት ሰዓት ፊልም ተቀረጸ ብሎ ሪፖርት ከመቀበሉ በፊት ስንቱ ከነመዝገቡ ገባ ብሎ ይጠይቅ፤ አጃቢ ጽሑፍ የሌለውን ቀረጻ ዕቃ ቤት አያስገባ። መምህሩ ተማሪዎቹን ለቀረጻ ሲያሰማራ ከካሜራው ጋር ቅጹንና የትእዛዙን ወረቀት አብሮ ያስይዛቸው፤ ሥራውንም ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አይቀበል። አርቲስቱም የሌላውን ዜማ ወይም ግጥም ከቪዲዮ ሲወስድ የባለቤቱን ስም ከመዝገቡ አንብቦ ይጥራ፤ መዝገብ ከሌለው ይጠይቅ፣ ያስጽፍ።

ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕርና በቀለም፣ በጧፍ ብርሃን ይህን ሲፈጽም ኖሯል። ስሙን የሚፍቅ እንዳይኖርም ግዝት ጽፎ ነበር። በዛሬው ፋይል ላይ ግዝት ሊጻፍ አይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከፋቂው እጅ የሚቀድም አንድ ትእዛዝ አለ። ያ ትእዛዝ ፊልሙ በተቀረጸበት ዕለት ይሰጥ።